የቁልቁለት ፍጥነት የሚወሰነው ከላይ ነው

(ደብረ ብርሃን ላይ ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ ለረዳቶችና ለአውቶ መካኒክ ሠልጣኞች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

የተከበራችሁ አሽከርካሪዎች፣ ረዳቶች፣ መካኒኮች፣ እንዲሁም ሙያውን ለመማር የመጣችሁ ልጆቼ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ የተጫነ የጦር መኪና ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ፍጥነቱ ከሹፌሩ እጅ እንዳያመልጥ ስለማድረግ። ይህን ጉዳይ ለማንሳት ደግሞ ከዚህ ከተማ የተሻለ ቦታ የለም። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መኪና ጣርማ በር እስኪደርስ ድረስ በደጋው ላይ ነው የሚሄደው። እዚያ መንገዱ በተራራው ውስጥ የሚያልፍበት ዋሻ አለ፤ ዋሻውን ሲያልፍ ምድሩ በድንገት ከፊቱ ይወርዳል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም። እንግዲህ በትንሹ 1,700 ሜትር ወደ ታች እንወርዳለን ማለት ነው።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ዋሻውን ከፈለፈሉት ጊዜ ጀምሮ የየዘመኑ የጦር መኪና በዚህ ገደል ወርዷል። መጀመሪያ የጣሊያኖቹ የራሳቸው መኪኖች ወረዱበት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚሁ ነው) በ1953 ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ ርዳታ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ አሜሪካ ሠራሾቹ ተከተሉ። ከ1977 ወዲህ ደግሞ የሶቪየቶቹ ዚልና በተለምዶ ኦራል የምንለው ኡራል በብዛት መጡ። ከእነዚህ ውስጥ ዕድሜ ጠግበው ዛሬም ውሃ የሚያመላልሱ፣ የጉድጓድ መቆፈሪያ ወይም ክሬን የተጫነባቸው አሉ። ስለዚህ የምለው ነገር ለወታደር ሹፌር ብቻ አይደለም።

ከመሪም ከመንገድም በፊት የቁልቁለት ጉዳይ የሙቀት ጉዳይ ነው። 15 ቶን የሚመዝን መኪና ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ነዳጅ አቃጥሎ ያን ሁሉ ክብደት ወደ ላይ ተሸክሟል። ያ ጉልበት አልጠፋም። መኪናው መውረድ ሲጀምር ይመለሳል፤ ሲመለስ ወይ ፍጥነት ይሆናል፣ ወይ ሙቀት ይሆናል። ሦስተኛ መንገድ የለውም። 15 ቶን 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 250 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ መጠን በ20 ዲግሪ ያለ 750 ሊትር ውሃ ያፈላል፤ አራት በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ በሉት።

ይህን ሙቀት ማን ይቀበለዋል? ፍሬኑ ብቻውን ይቀበለው እንበልና እናስላ። ሦስት አክስል ያለው መኪና ስድስት የፍሬን ታምቡር አለው፤ ታምቡር ማለት ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው፣ ፍሬን ሲረገጥ ሸራው ከውስጥ የሚጫነው ክብ ብረት ነው። እያንዳንዱ 50 ኪሎ ቢመዝን በድምሩ 300 ኪሎ ብረት ነው። ይህን ብረት በ300 ዲግሪ ለማጋል 45 ሚሊዮን ጁል ይበቃል። የሚመጣው ግን 250 ነው። ታምቡሮቹ ከጠቅላላው ሙቀት አምስተኛውን እንኳ ሳይቀበሉ ግለው ያበቃሉ ማለት ነው። ነፋስ ያበርዳቸዋል የሚል ይኖራል፤ እርግጥ ነው፣ ጥቂት ያበርዳቸዋል። ነገር ግን ታምቡር የሚዞረው ቸርኬው ውስጥ ተሸሽጎ ነው፤ ነፋስ እንደ ልብ አያገኘውም። በዚያ ላይ ከጣርማ በር አካባቢ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያንኑ ያህል ያነሰ ነው። ወደ ታች ስንወርድ አየሩ ቢወፍርም ይሞቃል። ጉዞው በጉምና በብርድ ተጀምሮ በቆላ ሐሩር የሚያልቅ ስለሆነ፣ ፍሬኑ እጅግ በጋለበት ሰዓት አየሩም የሞቀበት ሰዓት ነው።

የፍጥነት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዝግታ ብንወርድም በፍጥነት ብንወርድም ከፍታው ያው ስለሆነ ጠቅላላው ሙቀት ያው ነው። ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀቱ በምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚመጣብን ነው። ያው 15 ቶን መኪና በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደ 100 ኪሎ ዋት የሚጠጋ ጉልበት ይለቃል። በ60 ሲሄድ 200 ኪሎ ዋት ይሆናል። የጎማው መጎተት ከዚህ የሚቀንሰው ጥቂት ነው። 100 ኪሎ ዋት ሞተርና ፍሬን ተጋግዘው ሊያወጡት የሚችሉት ነገር ነው። 200 ኪሎ ዋት ግን በአብዛኞቹ አሮጌ መኪኖቻችን አቅም የሚቻል አይደለም፤ የተረፈው ሁሉ ታምቡሩ ላይ ይጠራቀማል። ሹፌሩ ደህና እየወረደ ይመስለዋል፤ መሪው ይታዘዛል፣ ፔዳሉ ይይዛል፣ ከበታች ግን ብረቱ እየጋለ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በ25 ብንወርደው 24 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ50 ብንወርደው 12 ደቂቃ። ሰው ሕይወቱን የሚያስይዘው በ12 ደቂቃ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ያወጣው ቁጥር 13 የፍሬን ደንብ ለከባድ መኪኖች የቁልቁለት ፈተና አለው። የተጫነው መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት፣ 6 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ አሁንም መያዝ አለመያዙ ይለካል። ይህ ሁሉ ሲደመር 360 ሜትር መውረድ ነው። ከጣርማ በር እስከ ሮቢት ያለው የዚህ አምስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ከፋብሪካ ፈተናውን አልፎ የወጣ አዲስ መኪና እንኳ ለእኛ መንገድ ተፈትኗል ማለት አይደለም።

አሁን እባካችሁ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ በሉ። እነዚህን ሁለት ታምቡሮች ያመጣኋቸው በዓይን ያየ ሰው ስለማይረሳ ነው። የግራው በወጉ የሠራ ነው፤ ውስጡ ወጥ የሆነ ግራጫ ነው፣ ጣት ሲሄድበት ለስላሳ ነው። የቀኙን ተመልከቱ። እዚህና እዚህ ሰማያዊ ቡግር የመሰለ ነጥብ አለ፤ ብረቱ እዚያ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ግሎ ነበር። ከነጥቡ ተነስቶ ወደ ጠርዙ የሚሄድ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ታያላችሁ? በጥፍራችሁ ብትፈትሹት ይይዛችኋል። ከአጠገቡ ያለው የፍሬን ሸራ ደግሞ ያብለጨልጫል። ሸራ ማብለጭለጭ የለበትም። በሙቀት ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ወጥቶ ፊቱ ላይ ደርቋል፤ እንዲህ ያለ ሸራ ቀዝቅዞም ቢሆን እንደ ድሮው አይነክስም። በዓይኑ ጥሩ ይመስላል፣ ውፍረቱም አላለቀም፤ እንዲያውም ስላላለቀ ነው ሳይቀየር የሚቀረው።

ታምቡር ሲግል ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ይሆናል። ሸራው እንደ ዓይነቱ ይለያይ እንጂ ከ250 ዲግሪ ወዲያ መያዙን እያላላ ይሄዳል። ታምቡሩ ራሱ ደግሞ በሙቀት ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚገፋው ዘንግ የተወሰነ ርዝመት ብቻ ነው የሚሄደው፤ ርቀቱ ከጨመረ ዘንጉ መጨረሻው ላይ ይደርስና ከዚያ በላይ ብትረግጡም ኃይል አይጨምርም። ፍሬኑ በደንብ ያልተስተካከለ መኪና ሜዳ ላይ ምንም ጉድለት ሳያሳይ ይኖራል። ጉድለቱ የሚወጣው ከዋሻው በታች ነው።

ኦራልና ብዙዎቹ የድሮ አሜሪካ መኪኖች ላይ ሌላ አደጋ ይጨመራል። የእነዚህ ፍሬን ቅይጥ ነው፤ አየር ዘይትን ይገፋል፣ ዘይቱ ሸራውን ይገፋል። ዚል 131 ግን በአየር ብቻ ነው የሚሠራው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን በደንቡ የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ኃይሉ ሸራው ጋ ሳይደርስ እንፋሎቱን ሲጨምቅ ይቀራል። የአሜሪካ ጦር ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ዶት 5 ሲሊኮን ዘይት የተሻገረበት አንዱ ምክንያት ይህ የውሃ ጉዳይ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ዘይት ሲጎድል መሙላት እንጂ አሮጌውን አውጥቶ መቀየር አልተለመደም። የዘይት ወጪ ከታምቡር ወጪ እጅግ ያነሰ ነው፤ ስለ ሰው ሕይወት አልናገርም።

እንግዲህ ፍሬን የሚያጠራቅም እንጂ የሚያስወግድ ዕቃ ካልሆነ፣ ሙቀቱን እያወጣ የሚጥልልን ማን ነው? ሞተሩ ነው። ሞተር በየዙሩ አየር ስቦ፣ ጨምቆ፣ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ራዲያተርም አለው፣ ቬንቲሌተርም አለው። ሙቀትን ቀኑን ሙሉ እንዲያስወግድ ሆኖ የተሠራ ነው። ነገር ግን ሁሉም ሞተር እኩል አይዝም። የዚል 131 ሞተር የቤንዚን ነው፤ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ይዘጋና ሞተሩ ባዶውን እየሳበ ይጨነቃል፤ ያ ጭንቀት መኪናውን ይይዛል። የናፍጣ ሞተር የአየር መግቢያ መዝጊያ ስለሌለው ፔዳሉ ሲለቀቅ እንደ ቤንዚኑ አይጨነቅም። የጨመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ይገፋዋልና የወሰደውን ጉልበት አብዛኛውን ይመልሳል። ለዚህ ነው ኡራል 4320 ላይ የሞተር ፍሬን የተጨመረበት፤ የጭስ ማውጫውን ቱቦ በክዳን ዘግቶ ሞተሩ በራሱ ጭስ ላይ እንዲታገል ያደርገዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ዘዴ የተወለደው ከቁልቁለት ፍርሃት ነው። በ1931 ክሌሲ ከሚንስ የተባለው አሜሪካዊ የናፍጣ ሞተር ሠሪ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሆን ፓስ የሚባለውን ቁልቁለት በራሱ ሞተር በሚሄድ ከባድ መኪና ሲወርድ ፍሬኑ ከዳው። ከግርጌው የዕቃ ባቡር መንገዱን እያቋረጠ ነበር፤ ለጥቂት ተረፈ። ሰውየው ያን ቀን አልረሳም። ቆይቶ የደረሰበት መላ፣ ሞተሩ አየሩን ጨምቆ እንደጨረሰ የጭስ ቫልቩን መክፈት ነው፤ የተጨመቀው አየር ፒስተኑን መልሶ ሳይገፋ ወጥቶ ይሄዳል፣ የተወሰደው ጉልበት ሳይመለስ ይቀራል። ጄኮብስ የተባለው ኩባንያ ይህንን በ1961 ለገበያ አወጣው። ዛሬ ከባድ መኪኖች ሲወርዱ የምትሰሙት የሚንደቀደቅ ድምፅ የዚያ ልጅ ነው።

የትኛውም ዓይነት ይሁን፣ የሞተር አያያዝ በሁለት ነገር ይወሰናል፤ በዙሩ ብዛትና በማርሹ። ዝቅ ያለ ማርሽ ማለት ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ብዙ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። የጦር መኪኖች ደግሞ ሌሎች የሌላቸው በረከት አላቸው፤ ከዋናው ካምቢዮ ቀጥሎ ያለው፣ ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስሎች የሚያካፍለው ማከፋፈያው ካምቢዮ ሁለት ደረጃ አለው። በዚል 131 ላይ ዝቅተኛው ደረጃ ሞተሩ መኪናውን የሚይዝበትን ኃይል በሁለት እጥፍ ያህል ያሳድገዋል፤ ሲገባ የፊት አክስሉም አብሮ ይገባል። ኦራል ደግሞ ሁልጊዜ በስድስቱም ጎማ ነው የሚሄደው። ይህ ጉም ባረጠበው አስፋልት ላይ ትልቅ ነገር ነው፤ የሞተሩ መያዝ በኋላ ጎማ ብቻ ላይ ካረፈ፣ ቁልቁል ሲሆን የኋላው ቀሎ ስለሚቀር ሊንሸራተት ይችላል። በስድስት ጎማ ሲካፈል መኪናው መስመሩን ይይዛል። ያም ሆኖ መንገዱ ጭቃ ወይም በጣም እርጥብ ከሆነ የሞተር ፍሬኑን በኩርባ መካከል በድንገት አታስገቡት፤ ከኩርባው በፊት አስገቡት።

የድሮ ሹፌሮች «ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይላሉ። እኔ ይህን አባባል አከብረዋለሁ፣ ግን እንዳለ አልቀበለውም። ያን ጊዜ ሞተሮቹ ደካማ ስለነበሩ ዳገት የሚወጣው በአንደኛና በሁለተኛ ነበር፤ በዚያው መውረድ ትክክል ነበር። የዛሬው ተርቦ ያለው ሞተር ያንኑ ዳገት በአራተኛ ይወጣል። በአራተኛ ቢወርድ ግን ሞተሩ አይዘውም፤ ጉልበት መስጠቱና ጉልበት መያዙ እኩል አላደገምና። ስለዚህ ከወጣህበት ቢያንስ አንድ ማርሽ ዝቅ በል፤ ጭነቱ ከወትሮው ከበለጠ ደግሞ ሁለት። ትክክለኛው ማርሽ የሚታወቀው፣ እግርህን ከሁሉም ፔዳል ላይ አንስተህ ፍጥነቱ እምብዛም የማይጨምር ሲሆን ነው።

ማርሹ መመረጥ ያለበት ከዋሻው በፊት ነው። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ለዚህ ጉባኤ የመጣሁትም ይህን ለማለት ነው። መንደርደር የጀመረ መኪና ላይ ማርሽ ለመቀነስ የሞከረ ሹፌር መጀመሪያ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ማርሹን ያወጣል፣ በዚያች ቅጽበት መኪናው ነፃ ሆኖ ይፈጥናል፤ የሚቀጥለው ማርሽ ጥርሱ አልገጥም ይለዋል። ወደ ነበረበት ልመልስ ሲል ያም አይገባም። ዜሮ ማርሽ ላይ 15 ቶን ይዞ ቀረ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ራሱ አስቦ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው ስለ መኖሩም አውቃለሁ። የሚቆጥበው ነዳጅ የለም፤ ማርሽ ገብቶ ፔዳሉ የተለቀቀ የናፍጣ ሞተር ፓምፑ ነዳጁን ይዘጋዋል፤ በዜሮ ማርሽ ያለው ግን እንዳይጠፋ ይጠጣል።

አንድ ጥንቃቄ። የሞተሩን ዙር የሚገድበው መቆጣጠሪያ ነዳጅ ነው የሚቀንሰው፤ ጎማው ሞተሩን ሲያሽከረክር ሊያስቆመው አይችልም። ኦራል ላይ የሚገጠመው ያምዝ 238 ሞተር ልኩ በደቂቃ 2,100 ዙር ነው፤ ካማዝ 740 ደግሞ 2,600። ከዚያ በላይ ካለፈ ቫልቭና ፒስተን እስከ መጋጨት ይደርሳል። ዙሩ ወደ ልኩ ሲጠጋ ፍሬን ረግጣችሁ አውርዱት።

ፍሬን አትርገጡ አላልኩም እንግዲህ። አረጋገጡ ግን ወግ አለው። በ30 ለመውረድ ከወሰናችሁ፣ ጠቋሚው 30 ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ሦስት ሰከንድ ያህል ረግጣችሁ ወደ 22 አውርዱትና ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ፔዳሉ ላይ እግርን አሳርፎ በቀስታ እየያዙ መውረድ ለስላሳ ይመስላል፤ ነገር ግን ስድስቱ ፍሬኖች እኩል ንቁ አይደሉም። በጥቂት ግፊት አንዱ ቀድሞ ይይዛል፣ ሌላው ገና አልነካም። ሸክሙን ሁለት ወይም ሦስት ታምቡር ብቻ ይሸከሙታል፤ እነሱ ሲቃጠሉ ሌሎቹ ቀዝቃዛ ናቸው። ጠበቅ አድርጎ መርገጥ ሁሉንም ያሠራቸዋል፤ መልቀቁ ደግሞ ለማረፍ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ከአንዱ ርግጫ እስከ ቀጣዩ ያለውን ጊዜ በልባችሁ ቁጠሩ። ቁልቁለቱ ሳይለወጥ ጊዜው እያጠረ ከመጣ ወይ ማርሹ ትክክል አይደለም፣ ወይ ፍሬኑ እየደከመ ነው። ያኔ ሰፋ ያለ ቦታ እንዳገኛችሁ ቁሙ። የሸራ ሽታ እስኪመጣ፣ ጭስ እስኪታይ አትጠብቁ። ሳይቃጠል በቅጠል።

በየጊዜው የሚረገጥ ፍሬን አየር ይበላል። አየሩን የሚሞላውን ኮምፕረሰር የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ አየሩንም ይጠብቅልናል። ዚልና ኦራል ላይ የጎማ መንፊያውም ከዚያው አየር ነው የሚወስደው፤ የሚያፈስ ጎማ ይዞ ቁልቁለት መጀመር ተገቢ አይደለም። ከዋሻው በፊት ቆማችሁ ከአየር ጋኖቹ ውሃውን አፍስሱ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ፍሬኑን አንድ ደቂቃ ረግጣችሁ ያዙና የአየር ጠቋሚውን ተመልከቱ፤ እየወረደ ከሄደ ጉዞው እዚያ ያበቃል።

ስለ ኮንቮይ ጥቂት ልበል። ከባዱና ዘገምተኛው መኪና ከፊት ይሁን። ፍጥነቱን እሱ ይወስናል፤ ፍሬኑ ቢከዳው ደግሞ ከበታቹ ጓደኛው የለም። በመካከላችሁ ያለው ርቀት በሜዳ ከምትተዉት እጅግ ይስፋ፤ ተጠጋግቶ የሚወርድ ሰልፍ ላይ ሁሉም የፊቱን መብራት እያየ ይረግጣል፣ ያለ ፍላጎቱ ፍሬኑን ያቃጥላል። ቦቴ የምትነዱ ደግሞ ግማሽ የጫነ ታንክ ከሞላው ይልቅ እንደሚያስቸግር ታውቃላችሁ፤ ፈሳሹ ወደ ፊት ሲመታ ፍሬን ያቆመውን መኪና እንደገና ይገፋዋል። የተበላሸ መኪና በገመድ ወይም በሰንሰለት እየሳቡ ይህን ቁልቁለት መውረድ በፍጹም መደረግ የለበትም፤ በብረት ዘንግ ብቻ፣ እሱም ዘንጉንና ሁለቱን መኪና የሚችል ፍሬን ሲኖር።

ፍሬኑ ከከዳስ? ማርሹን አትንኩ፣ ፍሪሲዮን አትርገጡ፣ ሞተሩ የሚሰጣችሁን ሁሉ ውሰዱ። ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። የዚልና የኦራል የእጅ ፍሬን ጎማው ላይ አይደለም፣ ከማከፋፈያው ካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ ላይ ያለ አንድ ትንሽ ታምቡር ነው፤ ለማቆሚያ የተሠራ ስለሆነ እየሄደ ያለ መኪና ላይ ቶሎ ይቃጠላል፣ ለመጨረሻዎቹ ሜትሮች አቆዩት። ከዚያ መኪናውን ወደ ተራራው በኩል አስጠጉት። ይህን ቀድሞ የወሰነ ሰው በ40 ይጋጫል፤ እስኪጨንቀው የጠበቀ በ80 ይጋጫል፣ የ80 ግጭት ደግሞ የ40ን አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው። ሞተርና መኪና ይተካል።

እዚህ ላይ ስለ ረዳቶች የምናገረው አለኝ፣ በቁጣም እናገረዋለሁ። ፍሬን የከዳው መኪና ላይ ልጁን «ታኮ ይዘህ ውረድ» ብሎ የሚያዝ ሹፌር አለ። የሚንከባለል 15 ቶን በድንጋይ ወይም በእንጨት አይቆምም፤ ዘሎት ያልፋል። ከሚሄድ መኪና ዘሎ ወርዶ ጎማ ሥር እጁን የሚያስገባው ደግሞ ገና ጢሙ ያላበቀለ የሰው ልጅ ነው። ታኮ ለቆመ መኪና ነው። ይህን ትእዛዝ የሰጠ ሰው ከእንግዲህ መሪ መያዝ የለበትም፤ ትእዛዙ የተሰጠው ረዳት አልወርድም ቢል ሙሉ መብቱ ነው።

ሮቢት ስትደርሱ ውሃ በጀሪካን ይዞ የጋለ ታምቡር ላይ የሚያፈስ አይጠፋም። አታድርጉት። ታምቡር የተሠራበት ብረት ድንገተኛ ቅዝቃዜ ይሰነጥቀዋል፤ ያሳየኋችሁ ስንጥቅ በዚህም ሊመጣ ይችላል። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ታኮ አድርጉ፣ በራሱ እንዲበርድ ተዉት። ከመኪናው ወርዳችሁ በየጎማው አጠገብ የእጃችሁን ጀርባ ሳታስነኩ አስጠጉ። የጋለውን ትፈልጋላችሁ፤ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ የቀዘቀዘውን ፈልጉ። አምስቱ ግለው አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ያ ጎማ ቁልቁለቱን ሁሉ ሳይሠራ ወርዷል፣ የሱን ድርሻ ሌሎቹ ተሸክመውለታል። ወደ ደሴ ከመቀጠላችሁ በፊት መፈታት ያለበት እሱ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አክያለሁ።

አንድ አሽከርካሪ «ጋሼ፣ የእኔ መኪና ሪታርደር አለው፤ ይህ ሁሉ ለአሮጌ መኪና አይደለም ወይ?» ሲል ጠየቀ። ሪታርደር፣ ማለትም የጎማውን ፍሬን ሳይነካ መኪናውን የሚያዘገየው ተጨማሪ መሣሪያ፣ ጥሩ ነገር ነው፤ ሁሉም መኪና ቢኖረው እመኛለሁ። ነገር ግን የዘይቱ ሪታርደር ሙቀቱን የሚያስረክበው ለሞተሩ ውሃ ነው። ራዲያተሩ ያን ሙቀት ማውጣት ካቃተው መሣሪያው ራሱን ለማዳን አያያዙን ይቀንሳል፤ ያውም ቆላው ውስጥ፣ ፍሬን በምትፈልግበት ሰዓት። ውሃው በደንብ እንዲዞር፣ ቬንቲሌተሩ በኃይል እንዲነፍስ የሞተሩ ዙር ከፍ ማለት አለበት፤ ይህም ዝቅተኛ ማርሽ ማለት ነው። ስለዚህ አንተም ከዋሻው በፊት ማርሽህን ትመርጣለህ፣ ዓይንህን ደግሞ ከውሃው ሙቀት ጠቋሚ አታነሳም።

ሁለተኛውን የጠየቀው አንድ ወጣት ረዳት ነው፤ ሹፌሩ ታላቁ ስለሆነ ፍጥነቱ ሲያስፈራው መናገር እንደሚያፍር ነገረን። ልጄ፣ ይህን ሜዳ ላይ ሳላችሁ፣ ሹፌሩ ሻዩን ሲጠጣ ጨርሰው። «ጋሼ፣ እርስዎ መንገዱን ይዩ፣ እኔ አየሩንና ሙቀቱን እጠራለሁ» በለው። ከዚያ ከጣርማ በር እስከ ሮቢት ሥራህ ይህ ነው፤ ቁጥሩን በየኩርባው ጮክ ብለህ ትናገራለህ። «ፈጠኑ» ማለት ካሳፈረህ «አየር ወደ አምስት ወርዷል» ማለት አያሳፍርም፤ የሰማ ሹፌር ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።